የሙሽሪት ማሳ

ከዚህ በፊት ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል እንደጨረስኩ እናቴ ስላረፈች ቤት ገባሁ። ከዚያ ወዲህ በእጄ የጻፍኩት የዕድር ስም ዝርዝርና አባዬ ሲያዘኝ የምመዘግበው የሙሽሮች ስም ብቻ ነው። አሁን የምጽፈው፣ ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ጀምሮ የሰፈራችን ሴቶች "መርካቶ እንዴት ናት?" እያሉ ስለሚጠይቁኝና ሰው ፊት ስሆን ድምፄ ስለሚጠፋብኝ ነው። ደብተር ድምፅ አይፈልግም። ያየሁትን በየቀኑ አስቀምጬዋለሁ፤ ማንበብ የማትችል ልጇን ታስነብብ።

ለማያውቀን ሰው፣ የምንኖረው ቡታጅራ ከተማ ዳር ነው። አባቴ ወልዴ ሙሽሪት የምትባል መኪና አለው። ጀርባዋ ክብ፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ዕቃ መጫኛዋ ከፊት የሆነች አሮጌ ትንሽ መኪና ናት። በዕድሜ እኔን ትበልጠኛለች፤ እናቴንም ሳትበልጥ አትቀርም። ሙሽራ ስለምታመላልስ ስሙን ያወጣላት ከተማው ነው። አባዬ ይነዳታል፤ እኔ አጥባታለሁ፣ አበባና ሪባን አስርላታለሁ። ለመስቀል ደግሞ ዝገቷን በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ ወተት የመሰለ ቀለም ቀባኋት። የኋላ ወንበሯን ሳይቀር አንስቼ፣ ባትሪው ያለበትን የተበላ ላሜራ በሙሉ ቀባሁ፤ እዚያ የታሰረውን ሁሉ ፈትቼ ከሥሩ ቀብቼ መልሼ አጠበቅኩት። አባዬ ዙሪያዋን አይቶ "እንደገና ወለድሻት" አለኝ።

ከመስቀል በኋላ ሙሽሪት ታመመች። ሞተሩ ሲነሣ መጥፋት ያለበት ቀይ መብራት አልጠፋ አለ። ባትሪው አንድ ቀን ይሠራና ይሞታል። የከተማችን መካኒኮች ባትሪ ለወጡ፤ እንደገና ለወጡ። ዲናሞውን ፈትተው ጠረጉ። ዲናሞ ማለት ሞተሩ ሲዞር አብሮ እየዞረ ባትሪውን የሚመግበው ነው፤ ባትሪው ግን አልበላ አለ። አንድ እሑድ ሙሽራ እንደያዘች አደባባይ ላይ ቀጥ አለች። ሙሽራይቱ ቬሏን ሰብስባ በባጃጅ ሄደች። አባዬ የዚያን ቀን ራት አልበላም።

ለጥር ወር ሦስት ሙሽሮች ይዘውናል። "መርካቶ እወስዳታለሁ" አለ አባዬ በመጨረሻ። "እዚያ ካልዳነች እዚያው ትቀራለች። በሯንና መብራቷን የሚፈልግ ሰው አለ፤ ፈታትቶ ይወስዳታል።" እኔን ያስከተለኝ መኪናዋ ውስጥ የሚቀመጥ ሰው ስለሚያስፈልግ ነው። መርካቶ ላይ ባዶ መኪና አይቆምም ብለውታል።

ማክሰኞ ባትሪው ጎረቤት ቻርጅ ሲደረግ አድሮ ነበር። የፊት መብራት እንዳናበራ ፀሐይ እስክትወጣ ጠብቀን ተነሣን። የአባዬ ትእዛዝ ጥብቅ ነው፤ ክላክስ አይነካም፣ ፍሬቻ አይበራም፣ ሬዲዮ አይታሰብም። ያለው ኃይል ሞተሩን ብቻ ይዞ አዲስ አበባ መድረስ አለበት። ስለዚህ መታጠፊያ በደረስን ቁጥር በመስኮት እጄን የማወጣው እኔ ነበርኩ። መንገድ ላይ ያለው ሰው ሰላም ያልኩት እየመሰለው እጁን ያነሣልኛል። ቡኢ እስክንደርስ ድረስ በሕይወቴ ሰላም ብዬ ከማውቀው ሰው የበለጠ ሰላም አልኩ።

ግራና ቀኙ የበርበሬ ማሳ ነው፤ ቀልቶ ለለቀማ ደርሷል። የኛም እንደዚሁ ነበር፤ አጎቴ ብቻውን እንዳይለቅም አሳስቦኛል። ጢያ ስንደርስ አባዬ እንደገና ማስነሣት እንዳይቸግረን ቁልቁለት መርጦ አቆማትና ሻይ ጠጣን። የቆሙትን ድንጋዮች ሊያዩ የመጡ ፈረንጆች ወደኛ ዞረው ሙሽሪትን ፎቶ አነሡ። አባዬ ክራባት ያሰረ ይመስል ኮቱን ቆለፈ። ድንጋዮቹን እኔም ከሩቅ አየኋቸው፤ ብዙ ናቸው።

ጀሞ ላይ መኪናው ሁሉ ቆመ። እኛ አገር መንገድ የሚዘጋው ከብት ሲያልፍ ነው፤ ከብቱ ካለፈ ይከፈታል። እዚህ ምን እያለፈ እንደሆነ አይታይም። ሙሽሪት ቆማ ሞተሯ በጮኸ ቁጥር ባትሪው ይደክማል፤ ቀዩ መብራት ራሱ እየፈዘዘ መጣ። አማኑኤልን አልፈን ወደ መርካቶ ስንታጠፍ አንድ ሚኒባስ ገባብን። አባዬ ረስቶ ክላክስ ተጫነ። ክላክሱ እንደ ታመመ በግ አንድ ጊዜ ባእ አለና ሞተሩም አብሮት ጠፋ።

ወርጄ መግፋት ጀመርኩ። ጋሪ የሚገፉ ሦስት ሰዎች ጋሪያቸውን ጥግ አስይዘው መጡ። አንዱ ከኋላ መስታወቱ ላይ የቀረ ሪባን አየ።

"ሙሽራዋ አንቺ ነሽ?"

ዝም አልኩ።

"ዝም ካለች እሷ ናት" አለ ሌላው። "ሙሽራ አይገፋም፤ ግቢ።"

እምቢ ብዬ ገፋሁ። እነሱ ግን እያጨበጨቡ፣ እልል እያሉ፣ ሰውን "ሙሽራ አሳልፉ" እያሉ ገፏት። የሚገርመው ሰው እውነትም ያሳልፈን ጀመር። አንዲት ሴትዮ ከሱቋ ብቅ ብላ "ይባርካችሁ" አለችን። ጋሪ ገፊዎቹ ሶማሌ ተራ ድረስ አድርሰውን፣ አባዬ እጁን ኪሱ ሳይከት "የሠርግ ነው" ብለው ተመለሱ።

ሶማሌ ተራ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ነው። ከጀርባው እትዬ ዘምዘም የፕላስቲክ ጫማ ሱቅ አላቸው። ትውልዳቸው ቡታጅራ ከኛው ሰፈር ነው፤ ባላቸው የአባዬ ጓደኛ ነበሩ፣ አርፈዋል። ያረፍነው እሳቸው ጋ ነው፤ ከሱቁ በስተኋላ ባሉት ሁለት ክፍሎች። ይዘን የሄድነውን ቆጮ በጨርቅ እንደተጠቀለለ አሸተቱትና "ይሄ ከየትኛው ጉድጓድ እንደወጣ ልንገርህ?" አሉት አባዬን። የገና ጾም ስለነበር ለኛ ጎመን ሠርተው አብረውን በሉ። እኔን አጠገባቸው አስተኙኝ። ከመተኛታቸው በፊት "መርካቶ ላይ ያላወራ ይጠፋል" አሉኝ። እኔም "እሺ" አልኩ፣ በልቤ።

ረቡዕ ሥራው ተጀመረ። የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩት ጋሼ ሽኩር ይባላሉ። ስድሳ ዓመት ሳይሞላቸው አይቀርም። መነጽራቸው በክር ግንባራቸው ላይ ታስሯል። ከሱቃቸው ፊት ሙሽሪትን የምታስቆም ቦታ አለቻቸው፤ ሌሊት ዘበኛ ይጠብቃታል፤ ቀን እኔ ውስጧ እቀመጣለሁ። ሙሽሪትን ዞረው አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ።

"ቆንጆ ናት። እኔ ቆንጆ በሽተኛ አልወድም፤ ውበቷ በሽታዋን ይደብቃል።"

መጀመሪያ ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጊያ በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ ደህና ነው። ቀጥለው ሞተሩን ከገላዋ ጋር የሚያያይዘውን ወፍራም ሽቦ ጎትተው አዩ፤ ደህና ነው። ከዚያ ቻርጅ ሲደረግ ባደረው ባትሪ ሞተሩን አስነሥተው፣ ከዲናሞው አንድ ቀጭን ሽቦ ነቅለው ከሞተሩ ብረት ጋር አነካኩና "ጋሽ ወልዴ፣ ትንሽ ነዳጅ ይስጧት" አሉ። በእጃቸው የያዙት አምፖል ቦግ አለ።

"ዲናሞው ጤነኛ ነው። ወተት አለው። ጥጃው ነው ያልጠባ።"

እዚህ ድረስ ገብቶኛል። እኔ ማየት እወዳለሁ። ሰው ሲሠራ ማየት ማውራት ስለማይጠይቅ ይሆናል። ከመስኮቴ ሌላም ብዙ አየሁ። ስምንት ፍራሽ ደራርቦ የተሸከመ ሰው አለፈ፤ ከሥሩ የሚታየው ሁለት እግር ብቻ ነው። መስታወት የጫነ ጋሪ ሲያልፍ ሶማሌ ተራ በሙሉ ተቆራርጦ ከጋሪው ጋር ሄደ። እኛ ጋ አንድ ሱቅ ስኳርም፣ ምስማርም፣ ደብተርም ይሸጣል። እዚህ ብሎን የሚሸጠው ሰው የብሎኑን ማጥበቂያ አይሸጥም፤ "እሱ ማዶ ነው" ይላል። የግራ መኪና በር ብቻ የሚሸጥ ሰው አየሁ። ቀኙን ማን እንደሚሸጥ ለማወቅ ቀኑን ሙሉ አንገቴን አሰገግኩ፤ አላገኘሁትም።

ከሰዓት አባዬ መኪና ፈታትቶ የሚገዛውን ሰውዬ ሊያነጋግር ሄደ። "ለማንኛውም" ብሎኝ ነው የሄደው። ጋሼ ሽኩር የኋላ ወንበሯን አንስተው ከሥሩ አጎንብሰው ነበር። ቀና ብለው በመስኮት አዩኝ።

"ልጄ፣ ማሳውን የነካ ሰው አለ?"

ገረመኝ። አዲስ አበቤ ስለ ሰው እርሻ አይጠይቅም ሲሉ ነበር የምሰማው። አባዬ ስለ በርበሬው አጫውቷቸው ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የነካ ያሉት ከብት ወይም ሌባ ይሆናል።

"ማሳው ደህና ነው" አልኳቸው። ከዚያም ቀስ ብዬ "ዘንድሮ በርበሬ ነው፣ ገና አልተለቀመም" አልኩ።

የመጀመሪያውን ሰሙ። ሁለተኛውን አንድ አይሱዙ በላው።

"ጎሽ" አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኔም የከተማ ሰው ለእርሻችን በማሰቡ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ።

የዚያን ቀን አንድ ሌላ ችግር ነበረብኝ። ከጠዋት ጀምሮ ሽንት ቤት አልሄድኩም። መኪናዋን ትቼ መሄድ አልችልም፤ ደግሞ ወንዶች መሐል ማንን እጠይቃለሁ? ጋሼ ሽኩር ለራሳቸው ምሳ ሲያዙ "ለልጅቱ የጾም" ብለው ድንችና ሰላጣ የገባበት ዳቦ አመጡልኝ፤ እርጥብ ይሉታል። እንዳይብስብኝ ውኃውን ሳልጠጣ ቀረሁ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ዘምዘም መጡና ፊቴን አይተው በሩን ከፈቱ።

"ሽንት ቤት ሄደሻል?"

የለም ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ።

"አፍ የተሰጠሽ ለእርጥብ ብቻ ነው?" አሉና የቤታቸውን ቁልፍ እጄ ላይ አደረጉ። እኔ እስክመለስ እሳቸው ሙሽሪት ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁልኝ። ስመለስ ወንበሩን ወደ ኋላ ለጥጠው ተንጋለው ነበር። "የሚመች ነው፤ ሱቄን ትቼ እዚሁ ልቅር?" አሉኝ።

ሐሙስ ቀኑ ረጅም ነበር። ጋሼ ሽኩር ከኋላ ወንበር ሥር ሬጉሌተሩን ፈቱ። ሬጉሌተር ዲናሞው የሚያመነጨውን ኃይል መጥኖ ለባትሪው የሚሰጥ ትንሽ ጥቁር ሳጥን ነው። ጠረጴዛቸው ላይ ሽቦ ቆንጥጠውለት ሞከሩት፤ ሠራ። መልሰው አሰሩት፤ ቀዩ መብራት አልጠፋም። ማዶ ካለው ሱቅ ሌላ ሬጉሌተር አስመጥተው ጠረጴዛው ላይ ሞከሩ፤ ሠራ። ሙሽሪት ውስጥ አሰሩት፤ እምቢ አለ።

"ውጭ ሲሆን ይሠራል፤ ቤት ሲገባ ያኮርፋል" አሉ።

ጎረቤታቸው ጎማ ሻጩ ሰማ። "የኔም ሚስት እንደዚያው ናት።"

"አንተ ቤት ገብቶ የማያኮርፍ ማን አለ?" አሉት ጋሼ ሽኩር፣ ዞር ሳይሉ። ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ጠረጉ፤ መልሰው ግንባራቸው ላይ አደረጉት።

"ጋሽ ወልዴ፣ እውነቱን ልንገርዎ። ዲናሞው ደህና፣ ሬጉሌተሩ ደህና፣ ባትሪው ደህና፣ ማሳው ደህና። የቀረው ከገላዋ ውስጥ የሚሄደው ሽቦ ነው፤ የሆነ ቦታ ውስጥ ለውስጥ ተበጥሷል። እሱን ለማግኘት ጣሪያዋንም ወለሏንም መግፈፍ ነው። ሁለት ሳምንት። ያውም ካገኘሁት።"

አባዬ "ሰውየው ነገ ከጁምዓ በኋላ ይመጣል" አለ በመጨረሻ።

ከዚያ ገብቶ መሪው ፊት ተቀመጠ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። መሐረቡን አወጣና የፊት መስታወቱን ከውስጥ ይጠርግ ጀመር። መስታወት መጥረግ የኔ ሥራ ነው፤ አንድም ቀን ጠርጎ አያውቅም። ጥጉን ሳይቀር ጠረገ። ልናገር የምፈልገው ነገር ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን አላውቀውም።

ዓርብ ጠዋት አባዬ "ዛሬ እኔ እቀመጥባታለሁ፤ አንቺ ከተማ እዪ" አለኝ። ከተማ ማየት ያሰኘኝ አልነበረም። እትዬ ዘምዘም ጫማ የሚደረድሩበት የብረት መደርደሪያ እግሩ ተሰብሮባቸው ስለነበር፣ ለሁለት ይዘነው ወደ ጎጃም በረንዳ አቅጣጫ ብየዳ ቤት ሄድን። መንገድ ላይ የምናገኘው ሰው ሁሉ እትዬ ዘምዘምን ያውቃቸዋል። በየአሥር እርምጃው መደርደሪያውን አስቀምጠን ሰላምታ ነው።

በያጁ መደርደሪያውን አጋድሞ፣ ከብየዳ ማሽኑ የሚመጣ መቆንጠጫ እግሩ ላይ ነከሰበት። በብየዳው ሲነካው ምንም የለም። መቆንጠጫውን አነሣና ሞረድ አምጥቶ ቀለሙን ይፍቅ ጀመር።

"አንተ፣ ቀለሙ ምን አደረገህ? ለዒድ ነው ያስቀባሁት" አሉት እትዬ ዘምዘም።

"እትዬ፣ ቀለም ላይ ማሳ አይይዝም። ብረት ከብረት መነካካት አለበት።"

ማሳ።

ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ የማላውቀውን ሰው ምንም ጠይቄ አላውቅም ነበር። "ማሳ ምንድን ነው?" ስል ራሴን ሰማሁት።

በያጁ ቀና ብሎ አየኝ። መቆንጠጫውን አነሣልኝ። "ይቺ ናት። መብራት በአንዱ ይሄዳል፣ በማሳ ይመለሳል። መመለሻ ከሌለው አይሄድም። የጣሊያን ቃል ነው መሰለኝ፤ ጋራዥ ውስጥ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።"

ከዚያ መቆንጠጫውን የተፋቀው ላይ ነክሶ ብየዳውን ሲያስጠጋ ቦግ አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። በጨለማው ውስጥ የታየኝ የሙሽሪት የኋላ ወንበር ሥር ነው። ያቺ ጥቁር ሳጥን፣ ሁለት ብሎኖቿ፣ ከሥሯ ደግሞ ሁለት ጊዜ ደራርቤ የቀባሁት ወተት ቀለም። ብሎኖቹን ራሳቸውን ቀብቼ ነበር የመለስኳቸው። እንዲያምሩ ብዬ።

"ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ" አሉ እትዬ ዘምዘም።

ነገርኳቸው። ስለ ቀለሙም፣ ጋሼ ሽኩር ስለጠየቁኝም፣ ስለ በርበሬውም። አፋቸውን ይዘው ሰሙኝ።

"ታዲያ ለኔ ምን ትነግሪኛለሽ? ሰውየው መጥቶ ይሆናል እኮ። ሩጪ።"

ሮጥኩ። ነጠላ ጫማዬ ተበጥሶ አንዱን እጄ ላይ ያዝኩት። መታጠፊያው ጠፋብኝ፤ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ ሰዎች መሐል ገባሁ። እዚያ ሰው የሚነጋገረው በጩኸት ነው። "ሶማሌ ተራ በየት ነው?" አልኩ፤ ማንም አልሰማም። ደግሜ ጮክ አልኩ። አንድ ሽማግሌ መዶሻቸውን አንሥተው በመዶሻው አሳዩኝ።

ስደርስ የሙሽሪት አንድ ዓይን ወጥቷል። ገዢው ረጅም ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ካቻቢቴውን አፉ ውስጥ ይዞ የቀኝ መብራቷን በጨርቅ ይጠቀልላል። አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆሟል። ጋሼ ሽኩር ከጁምዓ መመለሳቸው ነው፤ መስገጃቸው ትከሻቸው ላይ ነበር።

"አባዬ፣ ማሳው" አልኩ።

አልወጣም። ቢወጣም ትንሽ ነው የወጣው።

"ምን አለች?" አለ ገዢው።

"ማሳው ትላለች" አለ አባዬ፣ ሳይዞር። "አገሯ ናፍቋት ነው። እንሄዳለን ልጄ፤ ነገ እንሄዳለን።"

"የኛን ማሳ አይደለም።" የራሴ ድምፅ አስደነገጠኝ። "የሙሽሪትን ማሳ ነው። እኔ ቀብቼዋለሁ። ከሳጥኗ ሥር እኔ ነኝ ቀለም የቀባሁት፤ ብሎኑንም ጭምር።"

ጎማ ሻጩ ሳይቀር ዞረ። አባዬም ዞረ። ጋሼ ሽኩር መስገጃውን ከትከሻቸው አወረዱ።

"ደህና ነው አላልሽኝም?"

"በርበሬው መስሎኝ ነው።"

"ምኑ?"

"ስለ በርበሬ ማሳችን የጠየቁኝ መስሎኝ። አልተለቀመም ብዬዎት ነበር፤ አልሰሙኝም።"

ጋሼ ሽኩር የጎማ ሻጩ ጎማዎች ላይ ተቀምጠው ዕንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። "ሁለት ቀን" ይላሉ በየመሐሉ፣ "ሁለት ቀን በበርበሬ ማሳ ስዞር!" ወዲያው ግን ሳቁን እንደ ቧንቧ ዘግተው ተነሡ። ረጅሙን ካቻቢቴ ይዘው ወደ ኋላ ወንበር ገቡ። ጫፉን ሬጉሌተሩ ብረት ላይ አሳርፈው፣ ወገቡን ወለሉ ላይ ቀለሙ እስኪላጥ ጫር ጫር አድርገው ተጫኑት።

"ጋሽ ወልዴ፣ ያስነሷት።"

አባዬ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ ተነሣ። ቀዩ መብራት በርቶ ነበር። ነዳጅ ሲሰጣት ጠፋ። ጋሼ ሽኩር ካቻቢቴውን አነሡ፤ በራ። መለሱት፤ ጠፋ። ሦስት ጊዜ አደረጉት፤ ሦስተኛው ለማየት ሳይሆን ለደስታ ይመስለኛል።

ከዚያ ሬጉሌተሩን ፈትተው ብርጭቆ ወረቀት ሰጡኝ። "የቀባሽው አንቺ፣ ፋቂው አንቺ።" ከወንበሩ ሥር ገብቼ ብረቱ እስኪያበራ ፋቅኩት። ያማረ ቀለም ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ትንሽ አሳዘነኝ። ሲታሰር እሳቸው ብሎኑን ካጠበቁ በኋላ እኔም አጠበቅኩ። ገዢው የሙሽሪትን ዓይን ከጨርቁ አውጥቶ ራሱ መልሶ ገጠመላት። "ለቀብር መጥቼ ሠርግ ላይ ዋልኩ" አለ፤ አልተቀየመም።

አባዬ ግን ምንም አላለኝም። ጋሼ ሽኩርን አቀፈ፣ ገዢውን ይቅርታ ጠየቀ፣ እትዬ ዘምዘም ቤት ራት በላ፤ ለኔ አንድ ቃል የለም። ስንት ባትሪ የለወጥነው፣ ሙሽራይቱ አደባባይ ላይ የወረደችው፣ እሱ ራት ሳይበላ ያደረው በኔ ቀለም ነው። የዚያን ቀን ማታ ይኼን ስቆጥር እትዬ ዘምዘም በአጠገቤ ያንኮራፉ ነበር።

ቅዳሜ ስንነሣ እትዬ ዘምዘም ከሱቃቸው አዲስ ሽፍን ጫማ አውጥተው አደረጉልኝ። "ይኼኛው አይበጠስም፤ የሚያስሮጥ ነገር ሲመጣ" አሉኝ።

በመልስ መንገዳችን እጄን ማውጣት አላስፈለገኝም። አባዬ በጠራራ ፀሐይ የፊት መብራቱን አብርቶ ነዳ። ለፍየልም፣ ለአህያም፣ ለማንም ለሌለበት መታጠፊያም ክላክስ ነፋ። እኔ ተቆጥቶ እስኪገላግለኝ እጠብቅ ነበር። አዋሽ ድልድይ ላይ ይናገረኛል አልኩ፤ ዝም። ጢያ ሻይ ስንጠጣ፤ ዝም። በዚህ ጊዜ ሜዳ ላይ ነው ያቆማት፤ ስትነሣ በቁልፍ ነው የተነሣችው። ቡኢን ስናልፍ ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገና "ሰው እየለቀመ ነው" አለ፣ በርበሬውን እያየ። "አዎ" አልኩ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም።

ቤት ስንደርስ ጀምበር አልጠለቀችም ነበር። ወርጄ የግቢውን በር ከፈትኩለት፤ ዝገቱ እጄ ላይ ቀረ። ሙሽሪትን አስገባና ሞተሩን አጠፋ። ወርዶ ዙሪያዋን ዞረ፤ የወጣውን ዓይኗን በጣቱ ነካ ነካ አድርጎ አየው። ከዚያ እኔ ገና የያዝኩትን በር አየና እንዲህ አለኝ፦

"ሰኞ ይኼን በር ቀለም ቀቢልኝ። እሱ ማሳ አይፈልግም።"